ኮሎኔሉና ጄኔራሎቹ

በሞያሌም ሆነ በመተማ፣ በቶጎ ውጫሌም ሆነ በጋላፊ በኩል የሚነግድ ሰው ያለ ወኪል አይሠራም። ወኪሉ ዕቃው መበላሸቱን ወይም ዋጋው መውደቁን በጊዜ ካልነገረን ገንዘባችን አለቀ ማለት ነው። ኪሳራ ባወራ ቁጥር የምንጮኽበት ወኪል ደግሞ ውሎ አድሮ ደስ የሚለንን ብቻ ይነግረናል። ዛሬ የማነሳላችሁ አንድ ትልቅ ሠራዊት በዚሁ መንገድ እንዴት እንደፈረሰ ነው፤ የኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና የጄኔራሎቻቸውን ነገር።

ደርግ በ1966 ሲቋቋም መንግሥቱ ከሐረር ከሦስተኛው ክፍለ ጦር የመጡ ሻለቃ ነበሩ። ከላያቸው ብዙ ባለ ማዕረግ ነበር። የመጀመሪያው የደርግ ሊቀመንበር ሌተና ጄኔራል አማን አንዶም ኤርትራን በጦር ብቻ መያዝ አይቻልም የሚል አቋም ነበራቸው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ቤታቸው ተከቦ በተኩስ ተገደሉ። በዚያው ሌሊት ወደ 60 የሚጠጉ የቀድሞ ባለሥልጣናትና መኮንኖች ተረሸኑ። ተተኪያቸው ብርጋዴር ጄኔራል ተፈሪ በንቲ ጥር 26 ቀን 1969 ተገደሉ። ምክትል ሊቀመንበሩ ሌተና ኮሎኔል አጥናፉ አባተም በኅዳር 1970 ያው ዕጣ ደረሳቸው። ሦስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ከላይም ከጎንም የሚናገር ሰው ጠፋ።

ከዚያ በኋላ ሠራዊቱ እጅግ አደገ፤ ከሰሃራ በታች ካሉት ትልቁ እስከ መባል ደረሰ። ማዕረግም በብዛት ተሰጠ። መንግሥቱ ግን እስከ መጨረሻው ኮሎኔል እንደተባሉ ጄኔራሎችን አዘዙ። በየጦር ክፍሉ ከአዛዡ ጎን የፖለቲካ ኮሚሳርና የደህንነት ሰው ተቀመጡ፤ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መስመር ወደ ላይ ሪፖርት ያደርጉ ነበር። ሒሳብ ለተማረ ሰው ይህ ቁጥጥር ሊመስል ይችላል። ኦዲተር ግን ሥራው ሒሳቡ እውነት መሆኑን ማየት ነው። እነዚህ ይመለከቱ የነበረው የአዛዡን ታማኝነት ነው። ስለዚህ አዛዡ ከፊት ከጠላት፣ ከጎኑ ደግሞ ከባልደረባው ይጠነቀቅ ነበር።

የዚህ ዋጋ በናቅፋ ግንባር ታየ። በ1980 መጀመሪያ ላይ ሻዕቢያ በናደው ዕዝ ላይ ጥቃት ሰነዘረ። በየካቲት ወር መንግሥቱ አስመራ ሄዱ። የዕዙ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ ለደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ተደርገው ተረሸኑ፤ ሌሎችም ተቀጡ። አንድ ወር ያህል እንደቆየ፣ በመጋቢት 1980፣ ሻዕቢያ አፍአበትን በሦስት ቀን ውጊያ ያዘ። የናደው ዕዝ ፈረሰ፤ ታንኩ፣ መድፉና የጥይት መጋዘኑ በጠላት እጅ ገባ። ግንባሩን የሚያውቀውን አዛዥ በውጊያ ዋዜማ የገደለ መሪ ምን ይጠብቃል? ከታሪኩ በኋላ የተቀመጠ አዛዥስ «ግንባሩ አይያዝም» ብሎ በየትኛው አፉ ይናገራል? «እውነት ተናገር፣ ከመሸበት እደር» ይላል ያገራችን ሰው፤ እዚያ ግን ማደሪያም አልነበረም።

በየካቲት 1981 ሽሬ ላይ 604ኛ ኮር ሲደመሰስ መንግሥት ትግራይን ለቆ ወጣ። ግንቦት 8 ቀን 1981 መንግሥቱ ወደ ምሥራቅ ጀርመን እንደ በረሩ ጄኔራሎቹ ተነሡ። ኤታማዦር ሹሙ ሜጀር ጄኔራል መርዕድ ንጉሤ፣ የአየር ኃይሉ አዛዥ ሜጀር ጄኔራል አምሃ ደስታ፣ አስመራ ላይ ሜጀር ጄኔራል ደምሴ ቡልቶ ከመሪዎቹ ነበሩ። ለዓመታት እርስ በርስ እንዳይተማመኑ የተደረጉ ሰዎች በአንድ ቀን ሊተማመኑ አልቻሉም። መከላከያ ሚኒስቴር ውስጥ ሲሰበሰቡ ግቢው ተከበበ። ሚኒስትሩ ኃይለ ጊዮርጊስ ሀብተ ማርያም በጥይት ተገደሉ። መርዕድና አምሃ ራሳቸውን ገደሉ፤ ደምሴ አስመራ ላይ ተገደሉ። መንግሥቱ በማግስቱ ተመለሱ።

ጄኔራሎቹ ይፈልጉት የነበረው ጦርነቱን በድርድር መጨረስ ነበር። መፈንቅለ መንግሥቱ ከከሸፈ አራት ወር ሳይሞላ ግን የመንግሥቱ ልዑካን በጂሚ ካርተር ሸምጋይነት አትላንታ ላይ ከሻዕቢያ ጋር ተቀመጡ፤ ቀጥሎም ናይሮቢ። በየካቲት 1982 ምጽዋ ወደቀች። በዚያው ዓመት በግንቦት 12 ጄኔራሎች ተረሸኑ። ከዓመት በኋላ፣ ግንቦት 13 ቀን 1983፣ መንግሥቱ በናይሮቢ በኩል ወደ ዚምባብዌ ሄዱ። አዛዥ ያልቀረለት ሠራዊት በቀናት ውስጥ ተበተነ።

ከጠረፍ ማዶ የምትነግዱ ይህ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። ዚያድ ባሬ ራሳቸው ጄኔራል ነበሩ። በኦጋዴን ጦርነት ከተሸነፉ በኋላ፣ በሚያዝያ 1970፣ መኮንኖች መፈንቅለ መንግሥት ሞክረው ከሸፈ፤ 17 ሰዎች ተረሸኑ። ያመለጡት ኮሎኔል አብዱላሂ ዩሱፍ በኢትዮጵያ ድጋፍ የትጥቅ ተቃዋሚ አቋቋሙ። ዚያድ ባሬ ከዚያ ወዲህ ጦሩን ይበልጥ ለዘመድ አስረከቡ፤ በሰሜን ያዘዙት አማቻቸው ጄኔራል ሞርጋን ነበሩ። በ1980 ሐርጌሳ በራሷ መንግሥት መድፍና አውሮፕላን ተደበደበች። ዚያድ ባሬ ከሞቃዲሾ የሸሹት በጥር 1983፣ መንግሥቱ ከመሄዳቸው አራት ወር ያህል ቀድሞ ነው።

ይህን ስጽፍ ጄኔራሎቹን ንጹሕ ለማድረግ አይደለም። ብዙዎቹ ለዓመታት ትእዛዝ ፈጽመዋል፣ ማዕረግ ተቀብለዋል፣ ባልደረባቸው ሲረሸን ዝም ብለዋል። ዝምታቸው ግን ከየትም አልመጣም፤ ከ1967 ጀምሮ የተማሩት ነው። የዚያን ትምህርት ክፍያ የከፈሉት እነሱ ብቻ አይደሉም። በብሔራዊ ውትድርና ከየቀበሌው ታፍሰው አፍአበትና ሽሬ የቀሩት ልጆች ከፍለዋል። ከመካከላችን ወንድም ወይም አጎት ከዚያ ያልተመለሰለት ቤተሰብ ጥቂት አይደለም። እነዚያ ቤቶች ዛሬም የሚጠይቁት «ማን አሸነፈ» ብለው አይደለም። «ጦሩ እንዳለቀ የሚያውቅ ሰው እያለ ለምን አልተነገረም?» ነው ጥያቄያቸው። ተነግሮ ነበር። የነገረው ተገደለ፤ የቀረው ዝም አለ።