ድንጋጤ ያመጣው ገንዘብ፣ ዘግይቶ የተከፈተ በር

ጃንዩወሪ 15 ቀን 2015 (ዓመቶቹን በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ውሰዱልኝ) የያኔው የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን ቨርጂኒያ ውስጥ ወዳለው ኖርፎልክ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጎራ አሉ፡፡ ኖርፎልክ ስቴት በ1935 የተመሠረተ የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ ነው፡፡ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ባዶ እጃቸውን አልሄዱም፤ 25 ሚሊዮን ዶላር ይዘው ነበር፡፡ ገንዘቡ ከኢነርጂ ሚኒስቴር የሚወጣ ሲሆን፣ የሳይበር ደኅንነት ትምህርት ለማስፋፋት ለ13 የጥቁሮች ኮሌጆች፣ ለሁለት ብሔራዊ ቤተ ሙከራዎች እና ሳውዝ ካሮላይና ላሉ የቻርልስተን ትምህርት ቤቶች በአምስት ዓመት የሚከፋፈል ነው፡፡

25 ሚሊዮን ሲባል ጆሮ ይሞላል፡፡ እስቲ እናካፍለው፡፡ ለአምስት ዓመት ሲከፈል በዓመት 5 ሚሊዮን ነው፡፡ ለ16ቱ ተካፋዮች እኩል ቢዳረስ ኖሮ ለእያንዳንዳቸው በዓመት 312 ሺህ ዶላር ገደማ ይደርሳቸው ነበር፡፡ ጥቂት መምህራን የሚቀጠሩበትና አንድ ላብራቶሪ የሚደራጅበት ገንዘብ ነው፡፡ ክፉ አይደለም፡፡

እኔን የሚከነክነኝ ግን መጠኑ ሳይሆን ቀኑ ነው፡፡ ለምን 2015? የአሜሪካ መንግሥት በኮምፒውተር ደኅንነት ትምህርት የላቁ ናቸው ያላቸውን ዩኒቨርሲቲዎች መሰየም ከጀመረ እኮ ያኔ 16 ዓመት ሊሞላው ነው! እነዚህ ኮሌጆች እስከዚያ ድረስ የት ነበሩ? መልሱን ፍለጋ ወደ ኋላ ስንጓዝ አንድ የሚደጋገም ነገር እናገኛለን፡፡ አሜሪካ ለትምህርት ኪሷን የምትፈታው ብዙውን ጊዜ ስትደነግጥ ነው፡፡ ድንጋጤው ገንዘቡን ያመጣዋል፡፡ ገንዘቡ ማን ደጅ ቀድሞ እንደሚደርስ የሚወስነው ግን የቆየ ልማድ ነው፡፡

አንድ ሕግ ያልበቃት አገር

ልማዱ ከኮምፒውተር በፊት የመጣ ነው፡፡ በ1862፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ መሀል፣ የቨርሞንቱ የምክር ቤት አባል ጀስቲን ሞሪል ያረቀቁት ሕግ ጸደቀ፡፡ ፌዴራል መንግሥቱ ለክፍላተ ግዛቱ መሬት ይሰጣል፣ እነሱም በመሬቱ ሽያጭ እርሻና ምህንድስና የሚያስተምሩ ኮሌጆች ይከፍታሉ፡፡ ዛሬ ስማቸውን የምናውቃቸው ብዙ ትልልቅ የሕዝብ ዩኒቨርሲቲዎች የዚህ ሕግ ልጆች ናቸው፡፡ ደቡቦቹ ግዛቶች ግን ጥቁር ተማሪ አናስገባም አሉ፡፡

ስለዚህ በ1890 ሁለተኛ ሕግ ወጣ፡፡ ወይ ዘር ሳትለዩ አስገቡ፣ ወይ ለጥቁሮች የተለየ ኮሌጅ ክፈቱና ገንዘቡን በፍትሕ አካፍሉ የሚል ነበር፡፡ ግዛቶቹ ሁለተኛውን መረጡ፡፡ ኮሌጆቹን ከፈቱ፣ "በፍትሕ" የምትለዋን ቃል ግን ወረቀት ላይ ተዉአት፡፡ ይህ የጥንት ወሬ እንዳይመስላችሁ፡፡ በ2023 የአሜሪካ የትምህርትና የግብርና ሚኒስትሮች ለ16 ገዥዎች ደብዳቤ ጽፈው ነበር፡፡ እነዚህ ኮሌጆች በሦስት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ብቻ ከ12 ቢሊዮን ዶላር በላይ ቀርቶባቸዋል ይላል ደብዳቤው፡፡ የባይደንን 25 ሚሊዮን ከዚህ ጎን አስቀምጡት፡፡

ከሰማይ የመጣ ድንጋጤ

ኦክቶበር 4 ቀን 1957 ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክን አመጠቀች፡፡ አሜሪካኖች ማታ ማታ ሰማዩን እያዩ "ልጆቻችን ሒሳብ አይችሉም ማለት ነው" ይሉ ጀመር፡፡ ዓመት ሳይሞላ፣ በሴፕቴምበር 1958፣ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ለሳይንስ፣ ለሒሳብና ለውጭ ቋንቋ ትምህርት ገንዘብ የሚያፈስ ሕግ ፈረሙ፡፡ የሕጉ ስም ራሱ ብዙ ይናገራል፤ "የብሔራዊ መከላከያ ትምህርት ሕግ" ነው የሚባለው፡፡ ትምህርት ከመከላከያ ጋር ሲጋባ ምክር ቤቱ እጁን ፈታ፡፡ ትምህርቷ ብቻዋን ስትለምን ስንት ዘመን ሰሚ አጥታ ነበር!

ይህን ጋብቻ ያዙልኝ፡፡ የሳይበር ገንዘብም የተወለደው ከእሱ ነው፡፡

የአንድ ተማሪ ትል

ኖቬምበር 2 ቀን 1988 ማታ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የነበረው ሮበርት ታፓን ሞሪስ ራሱን እያባዛ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚሄድ ፕሮግራም ለቀቀ፡፡ ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን ፕሮግራም "ትል" ይሉታል፡፡ ትሉ ከልጁ ቁጥጥር ውጭ ሆነ፡፡ በጊዜው በተሰጠው ግምት ኢንተርኔት ላይ ከነበሩት 60,000 ገደማ ኮምፒውተሮች 6,000 ያህሉ ተመተዋል፡፡ የልጁ አባት ደግሞ በአሜሪካ የብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ የኮምፒውተር ደኅንነት ማዕከል ዋና ሳይንቲስት ነበሩ!

ሞሪስ በ1990 የሦስት ዓመት ገደብ፣ የ400 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎትና ከ10 ሺህ ዶላር ትንሽ የሚበልጥ ቅጣት ተፈረደበት፡፡ እስር ቤት አልገባም፡፡ ኋላም የኤም አይ ቲ ፕሮፌሰር ሆነ፡፡ ጥሩ አደረጉ፤ ወጣት ተሳሳተ ተብሎ ሕይወቱ አይቀበርም፡፡ ይህን ያህል ሁለተኛ ዕድል ለስንቱ ልጅ እንደሚሰጥ መጠየቅ ግን አይከለከልም፡፡

መንግሥት "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" እንዲሉ ከጉዳቱ በኋላ ተንቀሳቀሰ፡፡ በመከላከያ ገንዘብ ካርኒጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የአደጋ ምላሽ ማዕከል ተቋቋመ፡፡ ሰው የማሠልጠኑ ነገር ግን ተጓተተ፡፡ ትሉን ከመረመሩት ምሁራን አንዱ የፐርዱው ፕሮፌሰር ዩጂን ስፓፎርድ በ1997 ምክር ቤት ፊት ቀርበው የኮምፒውተር ደኅንነትን በቁም ነገር የሚያስተምሩ ተቋማት በጣት የሚቆጠሩ መሆናቸውን አስረዱ፡፡ በሜይ 1998 ፕሬዚዳንት ክሊንተን የኤሌክትሪክ፣ የባንክና የስልክ መረቦችን ስለመጠበቅ መመሪያ አወጡ፡፡ በ1999 የብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲው የመጀመሪያዎቹን ሰባት "የልህቀት ማዕከላት" ሰየመ፡፡

ሰባቱ እነማን ነበሩ? ጄምስ ማዲሰን፣ ጆርጅ ሜሰን፣ አይዳሆ ስቴት፣ አይዋ ስቴት፣ ፐርዱ፣ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስና የአይዳሆ ዩኒቨርሲቲ፡፡ አንድም የጥቁሮች ኮሌጅ የለበትም፡፡ አንድም ኮሚኒቲ ኮሌጅ የለበትም፡፡

ሹሞቹ ክፉ ስለነበሩ ነው አልልም፡፡ ነገሩ ከዚያ ይልቅ ተራ ነው፡፡ አደጋው ደጅ ላይ ስለነበር ዝግጁ የሆነ ፈለጉ፡፡ ዝግጁ የነበረው ደግሞ ከዚያ በፊት የተረዳው ነው፡፡ ማመልከቻ የሚጽፍ ቢሮ፣ ምርምር የሚሠራ ፕሮፌሰር፣ የሚጎበኝ ላብራቶሪ ያለው ያሸንፋል፡፡ በሴሚስተር አምስት ኮርስ የሚያስተምር የኮሚኒቲ ኮሌጅ መምህር የመቶ ገጽ ማመልከቻ በየት ሌሊቱ ይጻፈው? ውድድሩ ለሁሉም ክፍት ነበር፡፡ ሯጮቹ ግን ከአንድ መስመር አልተነሱም፡፡

ኮሚኒቲ ኮሌጅ የሚባለው ቤት

ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ዘመድ ያለው ሰው ኮሚኒቲ ኮሌጅ ምን እንደሆነ ሳይነገረው ያውቃል፡፡ በዲቪ የሄደ የአክስት ልጅ ቀን ሠርቶ ማታ የሚማርበት፣ ክፍያው የሚቀመስ፣ ሁለት ዓመት ተምረው ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሻገሩበት ቤት ነው፡፡ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ እና ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ የብዙ ሐበሻ የመጀመሪያ ክፍል ናቸው፡፡

ታሪኩ ረጅም ነው፡፡ እስከ ዛሬ ከዘለቁት የመጀመሪያው የሕዝብ ኮሌጅ ኢሊኖይ ያለው ጆልየት ሲሆን የተከፈተው በ1901 ነው፡፡ በ1947 ፕሬዚዳንት ትሩማን ያቋቋሙት ኮሚሽን እንዲህ ያሉ ኮሌጆች በየአካባቢው ይከፈቱ ብሎ መከረ፤ ስሙም ከዚያ ወዲህ ተስፋፋ፡፡ በ1992 ደግሞ የቴክኒክ ባለሙያዎችን በሁለት ዓመት ኮሌጆች ለማሠልጠን ሕግ ወጣ፤ አስፈጻሚው ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ነው፡፡ የሳይበር ገንዘብ ወደ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ግቢ የገባው በዋናነት በዚህ በር ነው፡፡

ይህም ቢሆን ሌላ ድንጋጤ ጠብቆ ነው፡፡ ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት በኋላ፣ በ2002፣ ፋውንዴሽኑና የኮሚኒቲ ኮሌጆች ማኅበር ተሰብስበው "እኛስ በኮምፒውተር ጥበቃ ምን ድርሻ አለን?" ብለው መከሩ፡፡ በ2003 ቺካጎ አጠገብ ያለው ሞሬን ቫሊ፣ በ2005 ሜሪላንድ ያለው ፕሪንስ ጆርጅስ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ሌሎች ኮሌጆችን ጭምር የሚያሠለጥኑ ማዕከላት ከፈቱ፡፡ ፕሪንስ ጆርጅስ ከብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲው ዋና መሥሪያ ቤት ብዙም አይርቅም፤ ተማሪዎቹም በአብዛኛው ጥቁሮች ናቸው፡፡ ጎረቤታሞቹ ለመተዋወቅ ዘመን ፈጀባቸው፡፡ ኤጀንሲው ራሱ ለሁለት ዓመት ኮሌጆች የሚሆን ስያሜ ያዘጋጀው በ2010 ነው፡፡ ከሰባቱ በኋላ 11 ዓመት መሆኑ ነው፡፡

በሩ ሲከፈት

በዚህ ሁሉ መሀል አንድ ደስ የሚል ፕሮግራም ነበር፡፡ በ2001 ሥራ የጀመረው የነፃ ትምህርት ዕድል ሐሳቡ ቀላል ነው፡፡ መንግሥት የትምህርት ክፍያህን ይችላል፣ ኪስ ገንዘብም ይሰጥሃል፡፡ አንተ ደግሞ ስትመረቅ የተማርክበትን ዓመት ያህል በሙያህ መንግሥትን ታገለግላለህ፡፡ ግሪን ካርድ ያለው ሰውም ማመልከት ይችላል፤ ሆኖም አብዛኛው የፌዴራል መሥሪያ ቤት የሚቀጥረው ዜጋን ነው፡፡

በ2017 መጨረሻ የወጣው የመከላከያ በጀት ሕግ ይህ ዕድል በኮሚኒቲ ኮሌጆች እንዲሞከር አዘዘ፡፡ ከአምስት እስከ ዐሥር በሚሆኑ ኮሌጆች፡፡ ለማን? ለቀድሞ ወታደሮች ወይም የመጀመሪያ ዲግሪ ላላቸው! ዲግሪ ለሌለው ሰው በተሠራ ቤት ውስጥ ዲግሪ ያለው ቅድሚያ አገኘ፡፡ ምክንያት አይጠፋለትም፤ እነዚህ ሰዎች ቶሎ ሥራ ላይ ይውላሉ፡፡ ግን ልማዱን አያችሁት? ዝግጁው ይቅደም፡፡

ከዚያ 2025 መጣ፡፡ በጃንዩወሪ አዲሱ የትራምፕ አስተዳደር የፌዴራል ቅጥር አገደ፣ ሠራተኛም መቀነስ ጀመረ፡፡ ውል ፈርመው የተማሩ ልጆች ተመርቀው የሚያገለግሉበት መሥሪያ ቤት አጡ፡፡ ውሉ ደግሞ በ18 ወር ውስጥ ሥራ ካልተገኘ ዕርዳታው ወደ ብድር ይቀየራል ይላል፡፡ ተማሪው ቃሉን ለመጠበቅ ደጅ ቆሞ፣ መንግሥት በሩን ዘግቶ፣ ዕዳው የተማሪው! በሴፕቴምበር ደግሞ የትምህርት ሚኒስቴሩ የተማሪዎችን የዘር ስብጥር መመዘኛ ያደረጉ ፕሮግራሞች ሕገ መንግሥቱን ይጥሳሉ ብሎ፣ በተለይ ብዙ የላቲን አሜሪካ ዝርያ ተማሪ ያላቸው ኮሌጆች ይጠቀሙበት የነበረ 350 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አቆመ፡፡ ለጥቁሮችና ለነባር ሕዝቦች ኮሌጆች ግን በዚያው ወር ጭማሪ አስታወቀ፡፡ ኮሌጆቹ እርስ በርስ እንዲተያዩ የሚያደርግ አሰጣጥ ነው፡፡

ሀብታም ቤተሰብ ያለው ልጅ ነፃ ትምህርቱ ብድር ቢሆንበት ይናደዳል፡፡ ቀን እየሠራ ማታ የተማረው ግን ይወድቃል፡፡ የኋለኞቹ በር ዘግይቶ መከፈቱ ብቻ አይደለም ጉዳቱ፤ ሲዘጋም ጣት የሚቆርጠው የእነሱን ነው፡፡

በዚህ ታሪክ ውስጥ የሠራ ነገር የለም ማለቴ አይደለም፡፡ የ1992ቱ ሕግ ሠርቷል፤ ምክንያቱም ገንዘቡን ገና ከጅምሩ ለሁለት ዓመት ኮሌጆች ብሎ ስለመደበ፡፡ የኖርፎልኩም ከቀደሙት የተሻለ ነው፤ ትንንሾቹ ከግዙፎቹ ጋር ሳይሮጡ ተካፋይ ሆነዋልና፡፡ ልማድ የሚሰበረው እንዲህ ባለ ሕግ ነው፡፡ ድንጋጤን መጠበቅ ግን አያዋጣም፡፡ ድንጋጤ ያመጣውን ገንዘብ ሌላ ድንጋጤ ይወስደዋል፡፡

ስለዚህ ከእንግዲህ "ይህን ያህል ሚሊዮን ተመደበ" የሚል ዜና ስትሰሙ ሦስት ጥያቄ ጠይቁልኝ፡፡ በስንት ዓመት ነው የሚከፈለው? ወረፋው ላይ ማን ቀድሞ ቆሟል? ቃሉ ቢታጠፍስ ዕዳው የማን ነው?