ባለቤቱ ራሱ ጠጋኝ የነበረበት ዘመን

በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ቴሌቪዥኑ የተበላሸበት ብዙ አባወራ ጠጋኝ ከመጥራቱ በፊት አንድ ነገር ይሞክር ነበር። ሶኬቱን ይነቅላል፣ የጀርባውን ክዳን በካቻቢቴ ይፈታል፣ በውስጡ የተደረደሩትን የመስታወት ቫልቮች አንድ በአንድ እየነቀለ በወረቀት ከረጢት ይጨምራል፤ ከዚያ ከረጢቱን ይዞ ወደ ሰፈሩ መድኃኒት ቤት ይሄዳል። መድኃኒት ቤቱ ውስጥ፣ ከሽሮፕና ከክኒን መደርደሪያው አጠገብ፣ የቫልቭ መፈተሻ ማሽን ቆሟል። ላዩ ላይ የተለያየ መጠን ያላቸው መሰኪያዎች፣ ቁጥር የተጻፈባቸው ማዞሪያዎችና ባለቀስት መለኪያ አሉት። ሰውየው በቫልቩ ላይ የታተመውን ቁጥር ከማሽኑ ዝርዝር ውስጥ ይፈልጋል፣ ማዞሪያዎቹን ዝርዝሩ እንዳዘዘው ያስተካክላል፣ ቫልቩን ይሰካና እስኪሞቅ ይጠብቃል። ቀስቱ አረንጓዴው ላይ ካረፈ ቫልቩ ደኅና ነው። ቀዩ ላይ ከቀረ ከማሽኑ ሥር ካለው የተቆለፈ ሣጥን ባለሱቁ አዲስ ያወጣለታል። ለፍተሻው አይከፈልም፤ ትርፉ የሚገኘው ከሚሸጠው ቫልቭ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዚያ ዘመን ሰው ከዛሬው ሰው የተለየ ብልህ አልነበረም። የተለየው ዕቃው ነው። ክዳኑ በተራ ብሎን ይፈታል፣ ቶሎ የሚበላሸው ክፍል በእጅ ይነቀላል፣ መለዋወጫው በየሰፈሩ ይሸጣል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የውስጥ ንድፉ ታትሞ በገበያ ይገኛል። የቤት ውስጥ ጥገና ታሪክ ሲመረመር ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይመለሳል፦ ንድፉ በማን እጅ ነው?

ነገሩ የሚጀምረው ሬዲዮ ተሠርቶ የሚሸጥ ዕቃ ከመሆኑ በፊት ነው። ከሉክሰምበርግ ወደ ኒው ዮርክ የተሻገረው ሁጎ ጌርንስባክ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዓመታት ለአማተሮች የሽቦ አልባ መገናኛ ዕቃዎችን በፖስታ የሚልክ ንግድ ከፍቶ ነበር። ኖቬምበር 2 ቀን 1920 በፒትስበርግ የሚገኘው ኬዲኬኤ ጣቢያ የፕሬዚዳንታዊውን ምርጫ ውጤት ሲያሰራጭ፣ ከአድማጮቹ መካከል መቀበያቸውን በገዛ እጃቸው የገጣጠሙ አማተሮች ነበሩበት። በ1922 ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የደረጃዎች ቢሮ ቁጥር 120 የተባለውን መመሪያ አሳተመ። መመሪያው ማንኛውም ሰው ቀላል የሬዲዮ መቀበያ ቤቱ ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ከነንድፉ የሚያስረዳ ሲሆን፣ ወጪው ከ10 ዶላር በታች ሊሆን እንደሚችልም ይገልጻል። አንድ መንግሥት ዜጎቹን ሬዲዮ ሥሩ ብሎ ማስተማሩ ዛሬ ቆም ብለው ቢያስቡት የሚያስገርም ነው።

ያ መቀበያ ባትሪ እንኳ አያስፈልገውም። ክብ ካርቶን ላይ የተጠመጠመ የመዳብ ሽቦ፣ ጋሊና የሚባል የእርሳስ ማዕድን ጠጠር፣ ጠጠሩን የሚነካ ቀጭን ሽቦ፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ ከፍ ብሎ የተዘረጋ አንቴናና ወደ መሬት የሚወርድ ሽቦ ይበቁታል። ማዳመጫውን የሚያናግረው አንቴናው ከአየር ላይ የለቀመው የጣቢያው ኃይል ራሱ ነው። ድምፁ ድንገት ሲጠፋ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ቀጭኑ ሽቦ ከጠጠሩ ትክክለኛ ነጥብ ላይ መንሸራተቱ ስለሆነ፣ አድማጩ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ነጥቧን እንደገና ይፈልጋል። ብልሽት ማፈላለግን ብዙ ልጆች የተማሩት እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ቀላሉንና ተንቀሳቃሹን ክፍል መጠርጠር።

በ1920ዎቹ ማብቂያ ሬዲዮ ከአሲድ ባትሪ ተላቆ በቤት ኮረንቲ መሥራት ጀመረ፤ ባማረ የእንጨት ሣጥን ገብቶም ከሳሎኑ ዕቃ አንዱ ሆነ። ፋብሪካዎች በዙ፤ እያንዳንዱም የራሱን ንድፍ ያወጣ ጀመር። ጠጋኙ በየቀኑ አይቶት የማያውቀው ሬዲዮ ስለሚመጣለት፣ የኒው ዮርኩ ጆን ራይደር ከ1930ዎቹ መግቢያ አንሥቶ የየፋብሪካውን ንድፍ እየሰበሰበ በወፍራም ጥራዝ ማሳተም ያዘ። ጥራዞቹ እየተከታተሉ ከ20 በላይ ደረሱ። ብዙ አምራቾችም በሣጥኑ ውስጥ የቫልቮቹን አቀማመጥ የሚያሳይ ወረቀት ይለጥፉ ነበር፤ አንዳንዶቹ ሙሉ ንድፉን ጭምር።

የዚህ ዘመን ትልቁ አስተማሪ ግን አንድ ርካሽ ሬዲዮ ነው። ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በብዛት የተመረተውና አምስት ቫልቭ ብቻ ያለው የጠረጴዛ ሬዲዮ፣ የፋብሪካው ስም ቢለያይም ውስጡ ያው ስለሆነ፣ አሜሪካውያን “ኦል አሜሪካን ፋይቭ” እያሉ ይጠሩታል። ፋብሪካዎቹ ውዱን ትራንስፎርመር ለማስቀረት አምስቱን የማሞቂያ ክሮች በተከታታይ አገናኟቸው። ሦስቱ ቫልቮች እያንዳንዳቸው 12 ቮልት ያህል፣ አንዱ 35፣ አንዱ 50 ቮልት ይወስዳሉ፤ ሲደመር 121 ገደማ ይሆናል፤ ይህም የአሜሪካ የቤት ኮረንቲ ልክ ነው። ውጤቱ ለባለቤቱ ግልጽ ነበር። የአንዱ ክር ከተበጠሰ አምስቱም ይጨልማሉ። ሬዲዮው ጭራሽ ካልበራ ቫልቮቹን እየነቀሉ የክሩን ሁለት እግሮች በቴስተር መንካት ነው፤ ቴስተሩ ኮረንቲ የማያሳልፍ ያለው ቫልቭ ተጠርጣሪው ራሱ ነው።

ቫልቮቹ በርተው ስፒከሩ “ዥዥ” የሚል ወፍራም ድምፅ ብቻ ካሰማ ደግሞ ጥርጣሬው ወደ ማጣሪያው ካፓሲተር ይዞራል። በውስጡ ያለው ፈሳሽ በሙቀትና በዕድሜ ስለሚደርቅ የኮረንቲውን ሞገድ ማለስለስ ይሳነዋል። ድምፅ ከነጭራሹ ከሌለስ? ልምድ ያለው ሰው የካቻቢቴውን ጫፍ የድምፅ መቆጣጠሪያው መካከለኛ እግር ላይ ያሳርፋል። ስፒከሩ ካጉረመረመ ከዚያ ወዲህ ያለው ግማሽ ደኅና ነው፣ ብልሽቱ ያለው ከአንቴናው እስከ መቆጣጠሪያው ባለው መንገድ ላይ ነው ማለት ነው። ዝም ካለ በተቃራኒው። በአንድ ንክኪ የሬዲዮው ግማሽ ከምርመራ ይወጣል። ራይደር በ1939 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ አስተሳሰብ ወደ ሥርዓት አምጥቶ ምልክቱን ከአንቴና እስከ ስፒከር እየተከተሉ የሚሰወርበትን ቦታ ማግኘትን አስተምሯል። የዛሬ ቴክኒሻኖች የስልክ ቦርድ ላይ የሚሠሩት ከዚህ የተለየ አይደለም፤ የተለወጠው የክፍሎቹ መጠን ነው።

ርካሽነቱ አደጋም ነበረው። ትራንስፎርመር ስለሌለ የብረት ሻሲው በቀጥታ ከኮረንቲው ጋር ሊገናኝ ይችላል፤ ሶኬቱ ተገልብጦ ከተሰካ የነካውን ሰው ይይዛል። ስለዚህ ነባሮቹ ጠጋኞች ለጀማሪ የሚሰጡት ምክር አንዱን እጅ ኪስ ውስጥ ከትቶ በሌላው ብቻ መሥራት ነበር። ኮረንቲው ከእጅ ወደ እጅ በደረት በኩል እንዳያልፍ ማለት ነው። ይህ ምክር የብዙ ሰው ሕይወት ዋጋ እንዳለው ማንም የሙያው ሰው አይጠራጠርም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነገሩ ወደ ከፍታው ደረሰ። በ1946 ሃዋርድ ሳምስ የተባለ የኢንዲያናፖሊስ ሰው “ፎቶፋክት” የሚባሉትን ማኅደሮች ማሳተም ጀመረ። የሳምስ ድርጅት ፋብሪካው የሚሰጠውን ወረቀት ከመጠበቅ ይልቅ ዕቃውን ራሱ ይፈታል፣ ሻሲውን ከላይም ከታችም ፎቶ ያነሣል፣ እያንዳንዱን ሬዚስተርና ካፓሲተር ቁጥር ይሰጠዋል፣ በየነጥቡ መገኘት ያለበትን ቮልት በንድፉ ላይ ይጽፋል፣ የሚተካውን መለዋወጫም ይዘረዝራል። የሁሉም ፋብሪካ ዕቃ በአንድ ዓይነት አሳሳል ስለቀረበ፣ አንዱን ንድፍ ማንበብ የቻለ ሌላውንም ያነብባል። ማኅደሩን በመለዋወጫ ሱቅ መግዛት ይቻል ነበር። ባለ ካውያውን የቤት ጠጋኝ ከባለሙያው እኩል የመረጃ ባለቤት ያደረገ ከዚህ የበለጠ ኅትመት ማግኘት ይከብዳል።

በሚሺጋን ግዛት ቤንተን ሃርበር ከተማ ደግሞ ሌላ በር ተከፈተ። ሂዝ የሚባለው ድርጅት መነሻው አውሮፕላን ነበር፤ መሥራቹ ኤድዋርድ ሂዝ በ1931 አዲስ አውሮፕላን ሲሞክር ተከስክሶ ሞተ። በ1935 ድርጅቱን የገዛው ሃዋርድ አንተኒ ከጦርነቱ የተረፈ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ በብዛት ገዝቶ፣ በ1947 ገዢው ራሱ የሚገጣጥመው ኦሲሎስኮፕ በ39 ዶላር ከ50 ሳንቲም ለገበያ አቀረበ። የኤሌክትሪክ ሞገድን በመስታወት ላይ የሚያሳየው ይህ መሣሪያ እስከዚያ ድረስ የላቦራቶሪና የትልልቅ ወርክሾፕ ንብረት ነበር። “ሂዝኪት” የሚለው ስም ከዚያ በኋላ ከሬዲዮ እስከ ባለቀለም ቴሌቪዥን ለሚደርሱ የሚገጣጠሙ ዕቃዎች መጠሪያ ሆነ።

የሂዝኪት ምስጢሩ መመሪያው ውስጥ ነው። እያንዳንዱ እርምጃ ለብቻው ተጽፏል፤ ከጎኑም ሲጠናቀቅ ምልክት የሚደረግበት ባዶ ቦታ አለ። ይህን ሽቦ በዚህ ልክ ቁረጥ፣ ከዚህ እግር ወደዚያ እግር ውሰድ፣ በየድ። መጨረሻ ላይ ዕቃው ካልሠራ የት የት እንደሚመረመር የሚገልጽ ክፍል ይከተላል። ካውያ ይዞ የማያውቅ ሰው መመሪያውን ተከትሎ ቴሌቪዥን ይገጣጥማል። በገዛ እጁ የገጣጠመው ዕቃ ከአሥር ዓመት በኋላ ሲበላሽም አይፈራውም፤ እያንዳንዱን ብየዳ ያውቀዋልና።

ቴሌቪዥን በዚያው ጊዜ አገሩን አጥለቀለቀው። በ1950 ከመቶ የአሜሪካ ቤቶች 9 ያህሉ ብቻ ቴሌቪዥን ነበራቸው፤ በ1960 ግን 87 ያህሉ። በእያንዳንዱ ውስጥ ያሉት ቫልቮች በርካታ ስለሆኑ አንዱ ወይም ሌላው መቃጠሉ አይቀርም፤ የመድኃኒት ቤቱ መፈተሻም ሥራ አልፈታም። አምራቾቹ የጀርባው ክዳን ሲከፈት የኮረንቲው ገመድ አብሮ እንዲነቀል አድርገው ነበር የሚሠሩት፣ ምክንያቱም የምስሉ መስታወት ከ10 ሺህ ቮልት በላይ ይይዛል፤ ሶኬቱ ከተነቀለም በኋላ ያጠራቀመው ኃይል ሰውን ሊጎዳ ይችላል። ጠጋኞች ግን ይህንን መከላከያ የሚያልፍ ገመድ በሣጥናቸው ይዘው ይዞሩ ነበር።

ከዚያ ትራንዚስተር መጣ። እንደ ቫልቭ በየጊዜው አይቃጠልም፣ ከቦርዱም ላይ በብየዳ ስለሚያያዝ በእጅ አይነቀልም። ሞቶሮላ በ1967 ባወጣው “ኩዌዘር” ቴሌቪዥን የውስጥ ክፍሎቹን እንደ መሳቢያ ተስቦ በሚወጣ ማቀፊያ ላይ አሰናድቶ፣ የተበላሸውን ካርድ ነቅሎ በአዲስ መተካትን አስተዋወቀ። ሥራውን አቀለለው፤ ከዚያ በኋላ ግን ጠጋኙ የሚፈልገው የተበላሸውን ካርድ እንጂ ካርዱ ላይ ያለውን የተበላሸ ክፍል አልነበረም። በ1970ዎቹ መፈተሻዎቹ ከመድኃኒት ቤቶች አንድ በአንድ ወጡ። ሂዝም በ1992 የሚገጣጠሙ ዕቃዎችን መሥራት አቆመ።

ንድፉ ወዲያው አልጠፋም፤ ይህ ሊታወስ ይገባዋል። በ1977 የወጣው አፕል ሁለት ኮምፒዩተር የቴክኒክ መመሪያው ሙሉ ንድፉን ይዞ ነበር። አይቢኤም በ1981 ባወጣው ኮምፒዩተር ላይም መመሪያው ንድፉንና የመነሻ ፕሮግራሙን ዝርዝር ጭምር ያትማል። ስለዚህ ንድፍ መከልከል ቴክኖሎጂ በመራቀቁ የግድ የመጣ ነገር ነው የሚለው ክርክር አያሳምንም። ኮምፒዩተሩ ከሬዲዮው እጅግ የተወሳሰበ ሆኖ ሳለ ንድፉ ይሸጥ ነበር። ኋላ ላይ የተዘጋው በነጋዴዎች ውሳኔ ነው።

በ2003 በካሊፎርኒያ ሳን ሉዊስ ኦቢስፖ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ካይል ዊንስና ሉክ ሱልስ፣ የተበላሸ የአፕል ላፕቶፕ ለመጠገን መመሪያ ሲያጡ በሙከራ ፈቱት። ከዚያም የየዕቃውን አፈታት በፎቶ እያስደገፈ በነጻ የሚያሳትመውን አይፊክሲት የተባለ ድርጅት መሠረቱ። ሥራቸው የሳምስ ሥራ ነው፤ ዕቃውን ገዝቶ፣ ፈትቶ፣ ለሁሉም ማሳየት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አፕል በስልኮቹ ላይ ተራ ካቻቢቴ የማይፈታውን ባለአምስት ቅጠል ብሎን ሲያስገባ የሚፈታውን መሣሪያ እነሱ ይሸጡ ጀመር።

የጥገናው ክርክር ከዚያ ሕግ አውጪዎች ዘንድ ደረሰ። በአሜሪካ ከ1975 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የዋስትና ሕግ አምራቹ የራሱን መለዋወጫ ብቻ ካልተጠቀማችሁ ዋስትናው ይሰረዛል ማለትን በጥቅሉ ይከለክላል፤ ሆኖም ብዙ ዕቃ ላይ “ይህ ተለጣፊ ከተነሣ ዋስትና የለም” የሚል ወረቀት ይታይ ነበር። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2018 ስድስት ኩባንያዎችን በዚህ አስጠነቀቀ። በሜይ 2021 ባወጣው ዘገባም አምራቾች ጥገናን ለመገደብ የሚያቀርቡትን ምክንያት የሚደግፍ ማስረጃ እምብዛም እንዳላገኘ ገለጸ። የኒው ዮርክ ግዛት በዲሴምበር 2022 የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ሕግ ፈረመ። በካሊፎርኒያ ከጁላይ 2024 አንሥቶ በሥራ ላይ በዋለው ሕግ፣ ዋጋው 100 ዶላርና ከዚያ በላይ ለሆነ ዕቃ አምራቹ መመሪያና መለዋወጫ ለ7 ዓመት ማቅረብ አለበት። የኦሪገን ግዛት ደግሞ በ2024 አንድ እርምጃ ቀድሞ፣ ትክክለኛ መለዋወጫ ቢገባም በሶፍትዌር “አላውቅህም” ብሎ የመከልከልን አሠራር አገደ።

በአገራችንም በቫልቭ የሚሠሩ ፊሊፕስ፣ ግሩንዲግና ቴሌፉንከን ሬዲዮኖች ከአያት የተረፉ ሆነው በአንዳንድ ቤት ይገኛሉ። እንዲህ ያለ ሬዲዮ ያለው አንባቢ ለቁራሌው ከመስጠቱ በፊት ሶኬቱን ነቅሎ፣ በቂ ጊዜ አሳርፎ፣ የጀርባ ክዳኑን ከፍቶ ከውስጥ የተለጠፈ ወረቀት መኖሩን ይይ። ካለ በስልኩ ፎቶ ያንሣው፤ ለሰፈሩ የሬዲዮና ቴፕ ጠጋኝም ያሳየው። ወረቀቱ ዕቃውን ሊያስነሣው ይችላል።