248 ቀን መርቶ ዋንጫ ማጣት፦ የአርሰናል 2022/23
ቤተሰብ፣ ቡድናችን ሲመራ "ዘንድሮማ የኛ ነው" ማለት እንወዳለን። እስቲ ይሄን ሲዝን እናስታውስ።

አርሰናል በ2022/23 የፕሪሚየር ሊጉን ሰንጠረዥ 248 ቀን መርቶ 2ኛ ሆኖ ጨረሰ። ዋንጫ ሳያነሳ ይህን ያህል ቀን የመራ ክለብ ከዚያ በፊት አልነበረም።

የት ተበላሸ? መጋቢት ላይ ተከላካዩ ዊሊያም ሳሊባ ተጎዳ፤ እስከ መጨረሻው አልተመለሰም። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ደግሞ እንዲህ ሆነ፦

🔴 ከሊቨርፑል፦ 2 ለ 0 እየመራ 2 ለ 2
🔴 ከዌስትሃም፦ አሁንም 2 ለ 0 እየመራ 2 ለ 2
🔴 ከሳውዝሃምፕተን፦ በሜዳው፣ ከሰንጠረዡ ግርጌ ቡድን ጋር 3 ለ 3
🔴 ከማንቸስተር ሲቲ፦ ኢትሃድ ላይ 4 ለ 1 ሽንፈት

አሁን እንደምር። ድል 3፣ አቻ 1 ነጥብ ነው። በሦስቱ አቻዎች ብቻ 6 ነጥብ ተጣለ። መጨረሻ ላይ ሲቲ 89፣ አርሰናል 84። ልዩነቱ 5!

ግን ሁሉም አልጠፋም። አርሰናል ከ2016/17 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ቻምፒየንስ ሊግ ተመልሷል።

እኛ የተማርነው? ቡድናችሁ ሲመራ ያለፈውን ቀን ሳይሆን የቀረውን ጨዋታ ቁጠሩ።