ሞትን የሚቀድም ቢላ

ይርጋጨፌ ሲነሣ ቡናው እንጂ ከብቱ ትዝ አይልም። የጌዴኦ ጓሮ ግን ያለ ከብት አይሟላም። ቡናና እንሰት ተጠጋግተው በሚበቅሉበት ምድር የግጦሽ መሬት ጠባብ ነው፤ ስለዚህ ጥቂቶቹ ከብቶች ደጅ ታስረው የእንሰት ቅጠል ይቀርብላቸዋል፣ ፍጋቸውም ለእንሰቱ ይመለሳል። ሁለት ከብት ያለው ገበሬ አንዱን ሲያጣ የከብት ሀብቱን ግማሽ ያጣል። የከብት በሽታው አባ ሰንጋ (አንትራክስ) ወደ ሰው የሚሻገረው ሰው ስላላወቀው አይመስለኝም፤ ድሀ ቤት ከብቱን በከንቱ መጣል ስለማይችል ነው።

ለዚህ ማስረጃዬ በክትን አለመብላት ነው። በአገራችን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሳይታረድ የሞተ አይበላም። ይህ ሥርዓት ብዙ ሰው ከበሽታ አድኗል፤ ለባለ ከብቱ ግን ጥድፊያ አመጣበት። በሬው መንገዳገድ ሲጀምር ቢላው ሞትን ከቀደመ ሥጋው በቅርጫ ይከፈላል፣ ቆዳው ይሸጣል፤ ሞት ከቀደመ ሁሉም ጉድጓድ ይገባል። አባ ሰንጋም የሚፈልገው ይህንኑ ቢላ ነው። ሬሳው ሳይከፈት ከበሰበሰ ባክቴሪያው አብዛኛው እዚያው ይሞታል። ደሙ ፈስሶ አየር ሲያገኝ ግን ባክቴሪያው ጠንካራ ሽፋን ለብሶ አፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይቆያል፤ ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1942 ባክቴሪያውን የሞከረችበት የግሩናርድ ደሴት ከበሽታው ነፃ የተባለው በ1990 ነው። አራጁ የሚያየው ጠቁሮ አልረጋ ያለ ደም ነው። ከቀናት በኋላ ክንዱ ላይ የማታምም እብጠት ትወጣና መካከሏ እንደ ከሰል ይጠቁራል። ቶሎ ከታከመ በፔኒሲሊን ይድናል።

«ካወቁት ለምን አረዱት?» የሚል ይኖራል። በሽታው ስም ያገኘው ሳይንቲስቱ ኮክ ባክቴሪያውን እ.ኤ.አ. በ1876 ከማጥናቱ በፊት ነው፤ ስሙ ግን በሬውን አይተካም። «ክትባት አለ» የሚለው መከራከሪያ ይበልጥ ይከብዳል፤ ፓስተር ክትባቱን እ.ኤ.አ. በ1881 በአደባባይ አሳይቷል፣ የቢሾፍቱው ብሔራዊ ተቋምም ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ የእንስሳት ክትባት ሲያመርት ኖሯል። ክትባቱ ግን በየዓመቱ መደገም አለበት፤ አንድ ዓመት ከታለፈ ገበሬው ወደ ቢላው ይመለሳል። የእንስሳት ሐኪሙ ምክር ሬሳውን ሳይከፍቱ ሁለት ሜትር ያህል ቆፍሮ መቅበር ነው። ምክሩ ትክክል ነው፤ የጌዴኦ ገበሬ ግን ጓሮው ሁሉ እንሰትና ቡና ነው፣ እንሰቱም እየተነቀለ ተደጋግሞ ስለሚተከል አፈሩ በየጊዜው ይቆፈራል።