መገጭን ሽቅብ

ኅዳር 6 ቀን የጎንደሯ ቁስቋም ስትነግሥ የእመቤታችን ስደት የሚታሰብበት የጽጌ ጾም ይፈታል። በዚያው ሰሞን አንድ ሌላ መንገደኛም ጉዞውን ጨርሶ ቤቱ ገብቷል፤ የጣናው ነጭ ዓሣ። ጎንደርን የሚያጥቡት ቀሃና አንገረብ ወደ መገጭ ይወርዳሉ፣ መገጭ ወደ ጣና። ዓሣው ግን ክረምት ሲገባ የሚሄደው ሽቅብ ነው፤ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ከሐይቁ ወጥቶ ንጹሕ ፈሳሽ ውሃ፣ ጠጠርማ ወለል ይፈልጋል። እንቁላሉን እዚያ ጥሎ ይመለሳል።

በአሜሪካ የፓሲፊክ ዳርቻ ባሕር ውስጥ አድጎ ወንዝ ገብቶ የሚራባ ትራውት የሚባል ዓሣ አለ፤ አጥማጆቹ ከባሕሩ ዳር ቆመው መንጠቆ ይወረውሩለታል። ለእኛው ዓሣ ባሕሩ ጣና ነው፤ 40 ሜትር ያህል የሚወረወረው ጢስ ዓባይ ከታችኛው ዓባይ ዘግቶበታልና። ከወንድሞቹ አንዱን የሆላንድ ተመራማሪዎቹ ናግልከርከና ሲቢንግ በ1997 እ.ኤ.አ. በሳይንስ ሲሰይሙት «ትራውት መሳይ» ብለውታል።

የጣናን ዓሦች ቀድሞ ለሳይንስ ያስተዋወቀው ግን የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል ነው። በ1832 እ.ኤ.አ. ጎንደር ገብቶ እስከ ቀጣዩ ዓመት ቆየ፤ እቴጌ ምንትዋብ በቁስቋም ስኮትላንዳዊውን ተጓዥ ጄምስ ብሩስን ካስተናገዱ 60 ዓመት አልፏል። እቴጌዪቱ ኮረብታውንም ሐይቁንም ያውቁ ነበር፤ ቁስቋምን ሲያሠሩ ናርጋ ሥላሴንም በደቅ ደሴት አሠርተዋል።

ያኔ አጥማጁ በደንገል ታንኳ ነበር። ደንገሉ ታጭዶ፣ ደርቆ፣ በገመድ ተጠፍሮ ጫፉ ወደ ላይ ይቀለበሳል። ታንኳው ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ጥልቁን አይደፍርም፤ የጣና ዳር ነዋሪዎቹ የነገደ ወይጦ አጥማጆች ዳርቻውን ይዘው መሐሉን ለዓሣው ይተዉለት ነበር። ይህ ገደብ ለዓሣው ትልቅ ከለላ ነበር ብዬ አምናለሁ።

በ1986 እ.ኤ.አ. የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ መጣ። ከ1991 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ በንግድ መረብ የሚያዘው ነጭ ዓሣ 75 በመቶ ያህል ቀነሰ። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም፦ ዓሣው ወንዝ ከመግባቱ በፊት የወንዙ አፍ ላይ ተሰብስቦ ይጠብቃል፤ መረቡም እዚያው ይዘረጋል። ሆዷ በእንቁላል የሞላ ዓሣ ናት የምትያዘው። ዓሣ ለማፍዘዝ የብርብራ ፍሬ ፈጭቶ ወንዝ ውስጥ የሚነሰንስም አለ፤ ያ ትልቁን ከጫጩቱ አይለይም።

ነሐሴ ፍልሰታ ሲገባ፣ መረቡ ከመገጭ አፍ ይነሣ። የግንባታ አሸዋና ጠጠር በሚዛቅበት በዚያ ጠጠርማ የወንዝ ወለል ላይ እንቁላሉ በድንጋይ መሐል ተሸሽጎ ይፈለፈላል፤ በላዩ የክረምቱ ውሃ ያልፋል።