ቡዳ፦ መልስ የማይሰጥበት ክስ

ምጣዱ፣ ጀበናውና ማረሻው በሰበታም ሆነ በቡራዩ፣ በሱሉልታም ገበያ ይሸጣል። ዕቃው ከየቤቱ ይገባል፤ ሠሪው ግን በብዙ ሰው ዘንድ «ቡዳ» እየተባለ ሲፈራ ኖሯል።

ቡዳ በዓይኑ ሰው «ይበላል»፣ ሌሊት ደግሞ ጅብ ይሆናል ተብሎ የሚታመን ነው። እምነቱ በአማርኛም በኦሮምኛም ተናጋሪው ዘንድ ያለ ሲሆን፣ ስሙ በብዛት የሚለጠፈው በብረት ቀጥቃጩ፣ በሸክላ ሠሪዋና በቆዳ ፋቂው ላይ ነው። ከሱሉልታ ወዲህ፣ በእንጦጦ ግርጌ የሚኖሩት የቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎችና ሸማኔዎችም ከዚህ ስም አላመለጡም።

ክሱ እንዴት ይመሠረታል? የታመመው ሰው ጭስ ይታጠንና «ማን በላህ?» ተብሎ ይጠየቃል። ሲለፈልፍ የጠራው ስም እንደ ማስረጃ ይያዛል። ስሙ የተጠራው ሰው መልስ የሚሰጥበት ቀጠሮ የለም።

በጋቦን፣ በኢኳቶሪያል ጊኒና በደቡብ ካሜሩን የሚኖረው የፋንግ ሕዝብ በድግምት ሰው ይጎዳሉ የሚባሉትን የሚያድን «ንጊል» የተባለ ማኅበር ነበረው። የማኅበሩ ሰው በነጭ አፈር የተቀባ፣ ፊቱ ረዘም ያለ የእንጨት ጭምብል አጥልቆ በሌሊት ይመጣ ነበር። የቅኝ ገዥው የፈረንሳይ አስተዳደር በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ አስቀረው። እዚያ ጭምብል የሚያጠልቀው ከሳሹ ነበር። እኛ ግን የተከሳሹን ፊት ራሱን ጭምብል አድርገን፣ ከሥሩ ጅብ አለ እንላለን። እንዲህ የተከሰሰ ሰው ንጽሕናውን በምን ያስረዳል?

አፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው መስደብን በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለዋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጥፋቱ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ንጹሕ እንዲቆጠር፣ በአንቀጽ 24 ደግሞ ክብሩና መልካም ስሙ እንዲጠበቅ ደንግጓል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም ስም ማጥፋትን በአንቀጽ 613፣ ስድብን በአንቀጽ 615 ያስቀጣል። ይሁን እንጂ «ቡዳ ነው» የሚባለው በሹክሹክታ ስለሆነ፣ ምስክር ቆጥሮ ፍርድ ቤት የሚደርስ ተበዳይ በቀላሉ አይገኝም።

በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት እነዚህ ከተሞች፣ ከየአገሩ የመጣ ሰው አጥር ለአጥር ተጎራብቶ የሚኖርባቸው ናቸው። ጎረቤታሞች ልጅ ሊዳዳሩ ሲያስቡ «ዘሩ ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጠያቂው ብዙ ጊዜ ዲግሪ ያለው፣ በቡዳ አላምንም የሚል ሰው ነው። ያለ ምስክር የሚፈርደው ችሎት ዳኞች እኛው ነን።