የሸረሪት ድር ሞዴል

የሸረሪት ድር ሞዴል የአንድ ምርት ዋጋ ከወቅት ወደ ወቅት ለምን ከፍና ዝቅ እንደሚል፣ ከተናጋም በኋላ ወደ ሚዛኑ ይመለስ እንደሆነ የሚያሳይ የምጣኔ ሀብት ሞዴል ነው። መነሻው ቀላል ነው፤ ገበሬ ዛሬ ዘርቶ የሚሸጠው ከወራት በኋላ ነው። የሚዘራውን መጠን ባለፈው ዋጋ ከወሰነ፣ ከውድ ወቅት ቀጥሎ ምርት ይትረፈረፋል፣ ዋጋም ይወድቃል። በዚህ የከሰረው ገበሬ በተራው ሲቀንስ ዋጋው እንደገና ይሰቀላል።

ለምሳሌ ፍላጎት «100 ሲቀነስ የዋጋው 2 እጥፍ»፣ አቅርቦት ደግሞ «10 ሲደመር ያለፈው ወቅት ዋጋ» ይሁን። ሁለቱ የሚገናኙት ዋጋው 30 ብር ሲሆን ነው። አንድ ወቅት ዋጋው 38 ቢደርስ ቀጣዮቹ 26፣ 32፣ 29 እያሉ ወደ 30 ይጠጋሉ። አቅርቦቱ «ያለፈው ዋጋ 3 እጥፍ ሲቀነስ 50» ቢሆንስ? የሚዛኑ ዋጋ ያው 30 ነው፤ ጉዞው ግን 38፣ 18፣ 48፣ 3 ይሆናል። አምራቾች ለዋጋ ለውጥ የሚሰጡት ምላሽ ከሸማቾች ሲበልጥ ገበያው እየባሰበት ይሄዳል ማለት ነው። ምላሻቸው እኩል ከሆነ ዋጋው በሁለት ቁጥሮች መካከል ሲመላለስ ይኖራል።

ይህ በግራፍ ሲሳል ድር ስለሚመስል ኒኮላስ ካልዶር እ.ኤ.አ. በ1934 ስሙን አወጣለት። ሐሳቡ ግን ከስሙ ይቀድማል። አርቱር ሃናው በ1920ዎቹ መጨረሻ በጀርመን የአሳማ ዋጋን ዑደት አጥንቶ ነበር፤ በ1930 ደግሞ ሄንሪ ሹልዝ፣ ያን ቲንበርገንና ኡምቤርቶ ሪቺ ለየብቻቸው ማብራሪያውን አቀረቡ። አሜሪካዊው ሞርዴካይ ኢዚኪየል በ1938 ሁሉንም አሰባስቦ ሲጽፍ፣ የተናጋ ገበያ ሁልጊዜ በራሱ ይስተካከላል የሚለውን የቆየ እምነት በቀጥታ ተገዳደረ።

ሞዴሉ ቶሎ ተቃዋሚ አገኘ። ሮናልድ ኮዝና ሮናልድ ፋውለር በ1935 የብሪታንያን አሳማ አርቢዎች አጥንተው፣ አርቢዎቹ የዛሬው ዋጋ ይቀጥላል ብለው በጭፍን እንደማይገምቱ ተከራከሩ። ዑደቱም አራት ዓመት ገደማ ይፈጅ ስለነበር ሞዴሉ ከሚለው ረዘመ። ጠንካራው ትችት ይህ ይመስላል፤ ሞዴሉ ገበሬውን ከስህተቱ የማይማር ሰው ያደርገዋልና። ማርክ ነርሎቭ በ1958 አምራቹ ግምቱን ቀስ በቀስ የሚያርምበትን መንገድ ሲጨምር፣ መረጋጋት ይበልጥ የሚቻል ሆነ። ጆን ሚውት በ1961 ከዚህም አለፈ፤ አምራቾች ገበያው እንዴት እንደሚሠራ ካወቁና በላይኛው ምሳሌ 30ን ከጠበቁ ድሩ ጨርሶ ይጠፋል፣ ዋጋን የሚያናውጡትም እንደ አየር ጠባይ ያሉ ያልተጠበቁ ነገሮች ብቻ ይሆናሉ።